ለትምህርት በሬው ከመሸጡ በፊት

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተሰማ ማግስት በየገጠሩ ቤት ከባድ ምክር ይጀመራል። ልጁ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ አላገኘም። እርሻው ለሁለት ወንድማማች አይበቃም። በከተማ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ ግን እንደሚቀበለው ዘመድ ወሬ አምጥቷል። አባት በሬውን ለገበያ ማውጣት ያስባል፤ እናት ደግሞ ለክረምት ቀለብ ብላ በጎተራ ያስቀመጠችውን እህል ትመለከታለች። ነገሩ ከቤተሰቡ አቅም በላይ ሲሆን ጥያቄው ወደ ሽማግሌ፣ ከዚያም ወደ ማኅበሩ ሊቀመንበር ይመጣል። ጥያቄውም «ይማር ወይስ ይቅር?» የሚል ነው።

ዛሬ በሕግ ስሙ ቀበሌ ቢሆንም በብዙ አካባቢ አሁንም ገበሬ ማኅበር እየተባለ በሚጠራው የገጠር አስተዳደር ውስጥ ኃላፊነት የያዙ ሰዎች፣ እንዲሁም የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች፣ ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ይሰማሉ። መልሱ ቀላል አይደለም። «የተማረ ይጠቀማል» ብሎ ማለፍ ቤተሰቡን ዕዳ ውስጥ ሊከተው ይችላል። «የተማሩትስ መቼ ሥራ አገኙ» ብሎ ማለፍም የአንድን ወጣት ዕድል ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ መሪው የሚመልስበትን ሚዛን አስቀድሞ ማዘጋጀት ይገባዋል።

ሚዛኑ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ተጨማሪ ትምህርት የሥራ ዕድልን የሚያሻሽለው፣ ሥልጠናው ሲያልቅ ለሙያው ገንዘብ የሚከፍል ሰው ወይም ድርጅት በስምና በቦታ መጠቆም ሲቻል ነው። ከፋዩ ሊጠቆም ካልተቻለ የትምህርቱ ዘመን ይጨምራል፤ ዕድሉ ግን ባለበት ይቀራል። ይህንንም ከዚህ በታች በዝርዝር እንመለከታለን።

ወረቀት ሥራ ይዞ ይመጣበት የነበረው ዘመን

ብዙ አባቶች ስለ ትምህርት ያላቸው እምነት ከባዶ የመጣ አይደለም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. ከአምቦና ከጅማ የእርሻ ትምህርት ቤቶች፣ እንዲሁም ከዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ የሚወጡት ተመራቂዎች በቁጥር ጥቂት ነበሩ። በአንጻሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና በ1960 ዓ.ም. በአርሲ እንደተቋቋመው ካዱ ያሉ የእርሻ ልማት ድርጅቶች ሠራተኛ አጥብቀው ይፈልጉ ነበር። በዚያን ጊዜ 12ኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ወንበር ይጠብቀው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልጁን ያስተማረ ገበሬ በእርጅናው ዘመን ጧሪ አገኘ፤ ጎረቤቱም ይህን አይቶ ልጁን ላከ።

የትምህርት በር ይጠብባል የተባለ ጊዜ ሕዝቡ ምን እንዳደረገም መታወስ አለበት። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀውና «ሴክተር ሪቪው» በመባል የሚታወቀው የትምህርት ጥናት፣ ለአብዛኛው ሕፃን የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲሰጥ የሚል ሐሳብ ይዞ ነበር። መምህራንና ወላጆች ግን «የድሃው ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ የተዘጋጀ ነው» በሚል አጥብቀው ተቃወሙት። በየካቲት ወር 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ዕቅዱን ለመተው ተገደደ። ከዚህ የምንረዳው የገጠሩ ሕዝብ ልጁ እንዲማር ያለው ፍላጎት ጥልቅ መሆኑን ነው። ይህን ፍላጎት ማቀዝቀዝ የማንም መሪ ሥራ ሊሆን አይገባውም። የመሪው ሥራ ፍላጎቱን ውጤት ወዳለበት መንገድ መምራት ነው።

የተለወጠው ምንድን ነው?

እስከ 1991 ዓ.ም. ድረስ በአገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች የአዲስ አበባና የዓለማያ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ናቸው፤ የግል ኮሌጆችም እጅግ በርክተዋል። ይህ ትልቅ እድገት ነው። ነገር ግን ወንበሩ በተመራቂው ልክ አልበዛም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በከተሞች የኮብልስቶን ንጣፍ ሥራ ሲስፋፋ፣ በዲግሪ የተመረቁ ወጣቶች ተደራጅተው ድንጋይ መጥረብና ማንጠፍ መጀመራቸው የሚታወስ ነው። ሥራው የሚያስከብር እንጂ የሚያሳፍር አልነበረም። ሆኖም ለዚያ ሥራ የሚያስፈልገው የጥቂት ሳምንታት ሥልጠና ሲሆን፣ ወጣቶቹ በዩኒቨርሲቲ ያሳለፉት ዓመታት ነበር።

በግብርናው በኩልም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ1990ዎቹ አጋማሽ መንግሥት 25 የግብርና ቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጆችን ከፈተ። ዓላማው በየገጠር ቀበሌው አንድ የሰብል፣ አንድ የእንስሳትና አንድ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ፣ በድምሩ ሦስት የልማት ጣቢያ ሠራተኞች እንዲመደቡ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከ60 ሺህ በላይ ወጣቶች በዲፕሎማ ሠለጠኑ። የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች የሥራ ቦታ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ሦስቱ ቦታዎች ከተያዙ በኋላ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ተመራቂ የሚቀጠረው የሚለቅ ወይም የሚዛወር ሠራተኛ ሲገኝ ነው። ዲፕሎማው ያው ነው፤ የተለወጠው ሰልፉ ነው። ይህን የሚጽፈው ዘጋቢም በእርሻ ዲፕሎማ የሠለጠነ እንደመሆኑ፣ አንድ የሙያ ዘርፍ ዛሬ ሠራተኛ ስለፈለገ ከሦስት ዓመት በኋላም ይፈልጋል ማለት እንዳልሆነ ከትምህርት ጓደኞቹ ኑሮ ይመለከታል።

ሌላው ለውጥ ፈተናው ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ፈተናቸውን በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሆነው ወሰዱ። ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ፣ ማለትም 30 ሺህ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ቁጥሩ እየተሻሻለ ቢመጣም፣ ከመቶ ተማሪዎች ከ90 በላይ የሚሆኑት ግማሹን ነጥብ ሳያገኙ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። በጦርነትና በግጭት ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በቆዩባቸው አካባቢዎች ደግሞ ሸክሙ የባሰ ነው። ስለዚህ ነጥብ ያላመጣ ልጅ ሰነፍ ነው ብሎ ማሸማቀቅ አግባብ አይደለም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ማንኛውም የዲግሪ ተማሪ፣ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም የተማረ፣ ሲጨርስ የመውጫ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። ይህ ማለት ክፍያውን ለዓመታት የከፈለ ቤተሰብ በመጨረሻ ዲግሪውን ሳያገኝ ሊቀር ይችላል ማለት ነው። በመሠረቱ ደካማ ሆኖ የገባ ተማሪ ይህን አደጋ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ለማን ይጠቅማል፣ ለማን አይጠቅምም?

ወደ ማኅበር መሪ ለምክር የሚመጡት ወጣቶች በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ። ለአራቱም አንድ ዓይነት መልስ መስጠት ስሕተት ነው።

አንደኛው ሥራ ላይ ያለና ትምህርቱን ለማሻሻል የሚፈልግ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጸሐፊ የዚህ ምሳሌ ናቸው። እንዲህ ያለው ሰው በክረምት፣ በማታ ወይም በርቀት ቢማር ደመወዙ አይቋረጥበትም፤ የተማረውንም በማግስቱ ይሠራበታል፤ የደረጃ ዕድገት ሲወጣ ለመወዳደር ይበቃል። ለእርሱ ተጨማሪ ትምህርት በአብዛኛው ትርፍ አለው። ከመጀመሩ በፊት ግን የሚማረው ሙያ በመሥሪያ ቤቱ መደብ ያለው መሆኑን በጽሑፍ ማረጋገጥ ይገባዋል።

ሁለተኛው ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ ይዞ ሥራ ያጣና በዚያው ሙያ ሌላ ከፍ ያለ ወረቀት ለመጨመር የሚያስብ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሥራ ያጣው ሙያው በገበያ ላይ ስለበዛ ከሆነ፣ ሁለተኛው ወረቀት ከአንዱ ረጅም ሰልፍ አውጥቶ ወደ ሌላው ሰልፍ ያስገባዋል። ለዚህ ወጣት ብዙ ጊዜ የሚሻለው አጭር የእጅ ሙያ መጨመር ነው። የእንስሳት ሀብት ዲፕሎማ ያለው ወጣት የሰው ሠራሽ ማዳቀል ሥልጠና ቢወስድ፣ ወይም የሒሳብ አያያዝ ተመራቂዋ የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሕግና የሒሳብ አሠራር ብትማር፣ የቀድሞው ትምህርታቸው አዲስ ጉልበት ያገኛል።

ሦስተኛው 12ኛ ክፍል ጨርሶ ነጥብ ያልሞላለት ነው። ነጥቡ ለመግቢያው የቀረበና በቤቱ የሚረዳው ያለ ከሆነ እንደገና መሞከሩ ተገቢ ነው። ነጥቡ በጣም ከራቀ ግን በቀጥታ ወደ ግል ኮሌጅ ዲግሪ መሮጥ፣ ከላይ በተገለጸው የመውጫ ፈተና ምክንያት፣ ትልቅ ዕዳ ይዞ ወደ ገደል መጠጋት ነው። በአቅራቢያው ባለው የቴክኒክና ሙያ ተቋም በደረጃ የሚሰጠውን ሥልጠና ወስዶ የብቃት ምዘናውን፣ ብዙዎች ሲኦሲ የሚሉትን፣ ማለፍ ይሻለዋል። ሥልጠናው በደረጃ የተከፋፈለ በመሆኑ መሐል ላይ አቅም ቢያንስ እስከዚያ የተገኘው ደረጃ ብቻውን የምስክር ወረቀት አለው። ግማሽ የተማሩት ዲግሪ ግን ለመቀጠር የሚያበቃ ወረቀት የለውም።

አራተኛው ከ8ኛ ወይም ከ10ኛ ክፍል ያቋረጠ ነው። ስለዚህ ወጣት ብዙ ጊዜ ማንም አይጠይቅም፤ እርሱ ግን በየቀበሌው የሚገኝ ነው። ለእርሱ የሚቀድመው የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከልና የአጭር ጊዜ የሙያ ሥልጠና ነው፤ ቢቻል ደግሞ እየሠራ የማታ ትምህርቱን እንዲቀጥል ማድረግ ነው።

ስሌቱ በኩንታል ቢሠራ

የትምህርት ወጪ ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት ለኮሌጁ የሚከፈለውን ብቻ ነው። ከዚያ የሚበልጠው ግን የማይታየው ወጪ ነው። የቤት ኪራይ አለ፤ ስንቅና ማገዶ አለ፤ የመጓጓዣ አለ፤ በአጨዳና በውቂያ ጊዜ ከቤት የጎደለ ጉልበት አለ። ስለዚህ መሪው ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ በገበሬው መለኪያ፣ በኩንታል፣ ቢያሰላ ነገሩ ይገለጣል።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ጥማድ፣ ማለትም ግማሽ ሔክታር፣ የጤፍ መሬት ያለውን ቤተሰብ እንውሰድ። የአገሪቱ የጤፍ አማካይ ምርት በሔክታር 18 ኩንታል ግድም ስለሆነ፣ ቤተሰቡ በደህናው ዓመት 9 ኩንታል ያገኛል። አባትየው ለልጁ ክፍያ ብሎ አንዱን በሬ ሸጠ እንበል። አንድ በሬ የቀረው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል። ጤፍ ደግሞ ደጋግሞ መታረስ የሚፈልግና የመዝሪያ ጊዜው የማይጠብቅ ሰብል ነው። የባለ መቀናጆው ተራ እስኪደርስ መሬቱ ይዘገያል። ሁለተኛውም በሬ ከተሸጠ መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ 9 ኩንታሉም ለሁለት ሲካፈል ለቤቱ የሚደርሰው 4 ኩንታል ተኩል ነው። በሦስት ዓመት የትምህርት ጊዜ 13 ኩንታል ተኩል ጤፍ ከቤት ወጣ ማለት ነው። ይህ የኮሌጁን ክፍያም፣ የልጁን ስንቅም ሳይጨምር ነው።

ይህን የምንለው ቤተሰቡን ለማስፈራራት አይደለም። 13 ኩንታል ተኩል አውጥቶ በሁለት ዓመት ደመወዝ የሚመለስ ከሆነ ወጪው መልካም ወጪ ነው። ነገር ግን ሁለት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት አለባቸው። የመጀመሪያው፣ ልጁ ሲጨርስ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ ይህን ያህል ይመልሳል? ሁለተኛው፣ ባይመልስ ቤቱ የሚቆመው በምን ነው? ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ የሌለው ቤተሰብ የእርሻ በሬውን መንካት የለበትም። በግ፣ ፍየል፣ የባሕር ዛፍ አጣና፣ የማር ገቢ ቢሸጥ በሚቀጥለው ዓመት ሊተካ ይችላል። በሬ ሲሸጥ ግን የሚሸጠው የሚቀጥለው ዓመት እርሻ ነው። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ሙያው ከአካባቢው ሲፈለግ

ሥራ በከተማ ብቻ ያለ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የማኅበር መሪ ግን የራሱን አካባቢ ዞር ብሎ ቢመለከት፣ ገንዘብ እየተከፈለባቸው ወይም በባለሙያ እጦት ኪሳራ እየደረሰባቸው ያሉ ሥራዎችን ያገኛል። ጥቂቶቹን እንጥቀስ።

የሰው ሠራሽ ማዳቀል። አንዲት ላም ወይፈን የምትፈልገው በየ21 ቀኑ ነው። ፍላጎቷ ጠዋት ከታየ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ከታየ በማግስቱ ጠዋት መዳቀል አለባት። አዳቃይ ቴክኒሽያኑ ከወረዳ ከተማ እስኪመጣ ሰዓቱ ካለፈ ባለቤቱ ሌላ 21 ቀን ይጠብቃል፤ ይህም የወተት ኪሳራ ነው። በቅርብ የሚኖር የሠለጠነ ወጣት ቢኖር ገበሬው በደስታ ይከፍለዋል። ሆኖም የአባለዘሩ ፈሳሽ የሚቆየው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ናይትሮጅን ውስጥ ስለሆነ፣ የናይትሮጅን አቅርቦቱ ከወረዳው የእንስሳት ጽሕፈት ቤት ጋር አስቀድሞ መያያዝ አለበት።

የውሃ ሞተር ጥገና። የበጋ መስኖ በተስፋፋባቸው አካባቢዎች ሞተር የሌለው መንደር ጥቂት ነው። ሞተሩ ሲበላሽ ግን የሚጠግነው ሰው ያለው በከተማ ነው። ቲማቲም ባበበበት ሰሞን ለአንድ ሳምንት ውሃ ካጣ አበባው ይረግፋል። የሞተር ጥገና የተማረ፣ የመለዋወጫ ዕቃና የመፍቻ ሳጥን ያለው ወጣት በአንድ ወንዝ ዳር ብቻ በቂ ደንበኛ ያገኛል።

የችግኝ ድቀላ። ጎጃም ውስጥ መራዊ አጠገብ ባለው፣ 7 ሺህ ሔክታር ለማልማት በተሠራው የቆጋ መስኖ አካባቢ አቮካዶ መስፋፋቱ የታወቀ ነው። ከዘር የበቀለ አቮካዶ ፍሬ እስኪሰጥ ብዙ ዓመት ያስጠብቃል፤ የተዳቀለው ግን በሦስትና በአራት ዓመት መስጠት ይጀምራል። ስለዚህ ገበሬው የሚፈልገው የተዳቀለውን ችግኝ ነው። የድቀላ ሥራ በአጭር ሥልጠናና በብዙ ልምምድ የሚገኝ ሙያ ሲሆን፣ መሬት ለሌለው ወጣትም ትንሽ ጥላ ያለበት የችግኝ ቦታ ይበቃዋል።

የኮምባይነር ሥራ። በአርሲና በባሌ የስንዴ ሜዳዎች የምርት መሰብሰቢያ ኮምባይነር የተለመደ ነው። ነጂውና ጠጋኙ ከሩቅ የሚመጡ ከሆነ በወቅቱ ተፎካክሮ መቅጠር ይከብዳል። የአካባቢው ወጣት መንጃ ፈቃድና የማሽን ሙያ ቢይዝ ከሰብል ወቅት ውጭም በትራክተር ሥራ ይቆያል።

የማኅበር ሒሳብ። ብዙ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያሠራጫሉ፣ እህል ይሰበስባሉ፣ ብድር ያንቀሳቅሳሉ። የሒሳብ ሠራተኛ በማጣት ሒሳባቸው ሳይመረመር የሚከርም ማኅበራት ግን ትርፍ ማከፋፈል አይችሉም፤ አባሉም እምነት ያጣል። በሒሳብ አያያዝ የሠለጠነች የአካባቢው ልጅ ለሁለት ወይም ለሦስት አጎራባች ማኅበራት ብትሠራ፣ ማኅበራቱ ተጋግዘው ደመወዟን ሊችሉ ይችላሉ።

ከእነዚህ ሙያዎች አብዛኞቹ ከአራት ዓመት የዲግሪ ትምህርት ያነሰ ጊዜ ይፈልጋሉ። በሌላ በኩል ማንኛቸውም ቢሆኑ ያለ ትምህርት አይገኙም። ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት የማይችል ሰው የሞተሩን መመሪያ አያነብም፣ የላሟን መዝገብ አይይዝም። ስለዚህ ልጆችን ቢያንስ እስከ 12ኛ ክፍል ማስተማር ክርክር የሌለው ጉዳይ ነው። ክርክሩ ከዚያ በኋላ ስላለው መንገድ ነው።

የሴቶች ልጆች ጉዳይ

በብዙ ቤት ምክሩ ስለ ወንዱ ልጅ ብቻ ነው። ነጥብ ያላመጣች ልጃገረድ ግን ሁለት መንገድ ይጠብቃታል፤ ወይ ትዳር፣ ወይ ወደ ዓረብ አገር ጉዞ። ለጉዞው ቤተሰቡ ለደላላ የሚከፍለው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ለሙያ ሥልጠናና ለመነሻ መሣሪያ ከሚያስፈልገው የማይተናነስ ነው። ስለዚህ ስሌቱ ለእርሷም በእኩል መሠራት አለበት። የከተማ ኪራይና የደኅንነት ስጋት ወላጆችን የሚያሳስብ ከሆነ፣ ሁለትና ሦስት ልጃገረዶች አብረው እንዲከራዩ፣ ከማኅበሩ አባል ዘመድ ቤት እንዲያርፉ ማድረግ ይቻላል። ይህን የማስተባበር ሥራ የሴቶች አደረጃጀትና የማኅበሩ አመራር ተባብረው ቢሠሩት ወጪውም ይቀንሳል፣ ስጋቱም ይቃለላል።

ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ቤተሰቡ «ይማር» ብሎ ከወሰነ በኋላም ገንዘቡን ከማስረከቡ በፊት አምስት ነገሮችን ማጣራት አለበት።

1. ኮሌጁ ልጁ በሚማርበት ሙያና ደረጃ፣ እንዲሁም በዚያው ከተማ ባለው ቅርንጫፉ፣ የዕውቅና ፈቃድ አለው ወይ? ለአንድ ሙያ የተሰጠ ፈቃድ ለሌላው አይሠራም። ይህንንም ለዲግሪ ትምህርት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ለሙያ ሥልጠና ከክልሉ ሥልጠናውን ከሚመራው መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ ይቻላል።

2. ባለፉት ዓመታት ከዚያ የተመረቁት ስንቶቹ የብቃት ምዘናውን ወይም የመውጫ ፈተናውን አለፉ? መልስ መስጠት የማይፈልግ ተቋም ካለ፣ ዝምታው ራሱ መልስ ነው።

3. ተማሪው በእጁ የሚሠራበት ወርክሾፕ፣ ማሽን ወይም እርሻ አለ ወይ? አባትየው በአካል ሄዶ ይይ። ሞተር ሳይፈታ የሞተር ጥገና የተማረ ወጣት ሞተር አይጠግንም።

4. ጠቅላላ ክፍያው እስከ መጨረሻው ስንት ነው? የመመዝገቢያው፣ የምዘናውና የምርቃቱ ክፍያ ተነጥሎ ይጠየቅ።

5. ባለፉት ሁለት ዓመታት በዚያው ሙያ ከአካባቢያችን የተመረቁት ዛሬ የት ናቸው? ሦስቱን ፈልጎ መጠየቅ ከማስታወቂያ ሁሉ ይበልጣል።

የማኅበር መሪዎች ድርሻ

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በየአውራጃው ተከፍተው የነበሩት የኅብረተሰብ ክህሎት ማሠልጠኛ ጣቢያዎች ሠልጣኞቻቸውን የሚቀበሉት በገበሬ ማኅበራት አማካይነት ነበር። ማኅበሩ ሰው ይመርጣል፤ የተመረጠው አናጢነት፣ ግንበኝነት፣ የብረት ሥራ ወይም ሌላ ሙያ ተምሮ ወደ ማኅበሩ ይመለሳል። ከዚያ አሠራር ዛሬም የሚጠቅም ትምህርት አለ። ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት ሥራው በማኅበሩ ሲታወቅ ትምህርቱ አቅጣጫ ያገኛል። ሠልጣኙ ሲመለስ ግን መሣሪያና ደንበኛ ካልጠበቀው የተማረው በእጁ ላይ ይረሳል። ስለዚህ ማኅበሩ መምረጥ ብቻ ሳይሆን መቀበልም አለበት።

ይህን በሥራ ለማዋል ብዙ በጀት አይጠይቅም። በመጀመሪያ መሪዎች በየዓመቱ መስከረም ላይ አንድ መዝገብ ቢያዘጋጁ መልካም ነው። በአንድ በኩል በማኅበሩ ውስጥ ትምህርት የጨረሱና ያቋረጡ ወጣቶች ስም፣ በሌላ በኩል በአካባቢው ባለሙያ የጠፋላቸው ሥራዎች ይጻፉበት። ሁለቱ ዝርዝሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ማን ምን ቢማር እንደሚሻል ብዙው ነገር በራሱ ይታያል።

ሁለተኛ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን፣ የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህርና በቅርብ ያለውን የቴክኒክና ሙያ ተቋም ተወካይ በአንድ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ መጋበዝ ይቻላል። ወላጆች ከደላላና ከወሬ የሚሰሙትን ከባለሙያው አፍ ቢሰሙ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ማኅበሩ ለአንድ ሙያ ሰው የሚያስፈልገው መሆኑን ካመነ፣ ሠልጣኙ ሲመለስ ሥራውን እንደሚሰጠው በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ሠልጣኙም በበኩሉ ለተወሰኑ ዓመታት በአካባቢው ለማገልገል ይፈርም። እንዲህ ያለ ስምምነት የያዘ ቤተሰብ፣ ለትምህርቱ የሚያወጣው ወጪ በጨለማ የተወረወረ አይሆንም።

አራተኛ፣ የመነሻ መሣሪያ ነገር እንዳይዘነጋ ያስፈልጋል። መፍቻ የሌለው ጠጋኝ፣ የናይትሮጅን መያዣ የሌለው አዳቃይ ሥራ ፈት ነው። የቁጠባና ብድር ማኅበራት ከትምህርት ክፍያ ይልቅ ለመሣሪያ ብድር ቅድሚያ ቢሰጡ ገንዘባቸው በቶሎ ይመለስላቸዋል፤ መሣሪያው ከተገዛበት ሳምንት ጀምሮ ገቢ ያስገኛልና።

በመጨረሻም መሪዎች በማኅበሩ ውስጥ ስለ ሥራ ያለውን አመለካከት በቃልና በተግባር ቢያስተካክሉ ይጠቅማል። ዲግሪ ይዞ ሥራ የሚጠብቅ ወጣት በሠርግና በለቅሶ ቤት የፊት ወንበር እየተሰጠው፣ የመንደሩን ሞተር ሁሉ የሚጠግነው ልጅ ግን በጓሮ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ሌሎቹ ልጆች የትኛውን መንገድ እንደሚመርጡ ግልጽ ነው።

እንግዲህ የዘንድሮው ውጤት በወጣ ጊዜ ወደ እናንተ የሚመጣው ቤተሰብ ብቻውን እንዳይወስን አድርጉ። ወጣቱ ምን እንደሚማር፣ ማን እንደሚከፍለው፣ ካልተሳካ ቤቱ በምን እንደሚቆም፣ ሦስቱ ጥያቄዎች በወረቀት ላይ እስኪመለሱ ድረስ ለአንድ ሳምንት አብራችሁ መክሩ። አንድ ሳምንት የመከረ ማኅበር የሦስት ዓመት ድካም ሊያድን ይችላል።